ኩንዳሊኒ ዮጋ በሐዋሳ፦ ከቡድን ጋር፣ ከስልክ ጋር ወይስ ከሐይቁ ጋር?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ማኪያቶዋን እያማሰለች "ያ ማታ ማታ የምትሄጅበት ነገር ግን ምንድን ነው? እኔንስ ይሆነኝ ይሆን?" አለችኝ። ያ ማታ ማታ የምሄድበት ነገር ኩንዳሊኒ ዮጋ ነው። አሥር የማንሞላ ሰዎች እዚህ ሐዋሳ አንድ ሰፋ ያለ ሳሎን ተከራይተን በሳምንት ሁለት ቀን እንገናኛለን። ታፔላ የለንም። ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ነው ያለን።

"ነይ" ልላት ቃጣኝና ተውኩት። ምን ፈልጋ እንደጠየቀችኝ አላውቅማ። ወገቧን ነው የሚያማት? እንቅልፍ ነው እምቢ ያላት? ወይስ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት መመላለሱ ሰልችቷት ሰው ነው የናፈቃት? በእነዚህ ሁሉ ምክንያት ሰው ዮጋ ፍለጋ ይወጣል። ለሁሉም ግን ያው አንድ መልስ አይሠራም።

እናም ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው አራት ያህል መንገድ አለ። እንደኛ ያለ ትንሽ ቡድን መቀላቀል። ቤት ዘግቶ በስልክ መለማመድ። ብር አጠራቅሞ ህንድ ድረስ ሄዶ ማዕከል ውስጥ መሰንበት። ወይም ኩንዳሊኒውን ጭራሽ ትቶ በጥዋት ሐይቁ ዳር ከሚራመዱት ጋር መራመድ። አራቱን እኩል አላወራላችሁም። ቡድኑን ኖሬበታለሁ። ስልኩንና ሐይቁን ሞክሬአለሁ። ህንዱን የሄደ ሰው ነግሮኛል።

መጀመሪያ ግን ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ኩንዳሊኒ የሳንስክሪት ቃል ነው፤ "የተጠቀለለች" እንደማለት። በጥንቱ የህንድ አስተሳሰብ ከአከርካሪ ሥር ተጠቅልሎ የተኛ ኃይል አለ። በትንፋሽ፣ በአቀማመጥና በድምፅ ሲቀሰቀስ በአከርካሪው በኩል ወደ ላይ ይወጣል ይላሉ። የሚመስሉትም በተጠቀለለ እባብ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ጆሮው ይቆማል። እናቴ "እባብ ነው ያልሽው?" ብላ የያዘችውን ስኒ አስቀምጣ ነበር። እባቡ ምሳሌ ነው፣ የሚሰግድለት የለም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ጥያቄዋ ግን የዋዛ ስላልሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ ስም የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛው የተስፋፋው በአንድ ሰው በኩል ነው። ሃርባጃን ሲንግ ፑሪ ይባላል። ሰው የሚያውቀው ግን ዮጊ ባጃን በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በዛሬዋ ፓኪስታን ተወለደ። በ1968 ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደ። በ1969 ደግሞ "ጤናማ፣ ደስተኛ፣ ቅዱስ" የሚል ስም የሰጠውን ድርጅት አቋቋመ። ከህንድ የተነሳው የሲክ እምነት ተከታይ ስለነበር የራስ መጠምጠሚያውና "ሳት ናም" የሚለው ሰላምታ ከዚያ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ነጭ መልበሱን ግን ያስለመደው እሱ ራሱ ነው። በ2004 አረፈ። ከሞተ በኋላ ብዙ ነገር ወጥቶበታል። እሱንም ሳላነሳ አላልፍም።

አንዱ ክፍለ ጊዜ የትም ብትሄዱ ቅርፁ ተመሳሳይ ነው። "ኦንግ ናሞ ጉሩ ዴቭ ናሞ" የሚለው ሦስት ጊዜ በዜማ ይባላል። ሰውነት ይፍታታል። ቀጥሎ ክሪያ ይመጣል፤ ለአንድ ዓላማ በቅደም ተከተል የተሰደሩ እንቅስቃሴዎችና የትንፋሽ ዓይነቶች ናቸው። ከዚያ በጀርባ ተንጋሎ ማረፍ፣ ከዚያ ሜዲቴሽን፣ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር መዝሙርና "ሳት ናም"። በቪዲዮ እንደምታዩት ዮጋ እግርን አንገት ላይ ማድረግ የለውም። አብዛኛው ተቀምጦ ነው። ለምሳሌ ሁለት እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ሦስት ደቂቃ መያዝ። ሲያዩት ቀላል ነው። አንደኛው ደቂቃ ላይ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ላይ መምህሩን መጥላት ትጀምራላችሁ።

ቡድኑ

ስለ ቡድናችን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሻዩ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል የገባበት ሻይ ይቀዳል። ፈረንጆቹ "የዮጊ ሻይ" ብለው በፓኬት ይሸጡታል። ለኛ ያው የቅመም ሻይ ነው። እትዬ ደግሞ ጤና አዳም ጣል ካላደረጉበት አይጠጡትም።

እትዬ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሌሎቻችን አንዲት ነርስ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ሆቴል ሒሳብ የሚሠራ ልጅ፣ እኔና አንድ ሁለት የሚመጡ የሚቀሩ ሰዎች ነን። አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ይሰማል። ከዚህ ሳሎን ውጭ እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ሻዩን ይዘን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ደንቡ ሁለት ነው። ተናጋሪው እውነቱን ይናገር። ሰሚው ምክር አይስጥ። ይህ ሁለተኛው ለኛ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። አንድ ማታ እትዬ ተራቸው ሲደርስ "ዛሬስ ደህና አይደለሁም። ልጄ ከደወለ ሦስት ሳምንት ሆነው" አሉ። ዝም አልን። ማንም "አይዞዎት፣ ይደውላል" አላለም። አይዞሽ ደግ ቃል ናት፤ አንዳንዴ ግን ወሬውን መክደኛ ትሆናለች። ያን ማታ የሚከድንባቸው ሲያጡ ቀጠሉ። ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፍም።

የግል ለውጥ ስትሉኝ ከዚህ የተሻለ የምነግራችሁ የለኝም። ብርሃን አላየሁም። አከርካሪዬ ውስጥ የተነሳም የተኛም ነገር አልተሰማኝም። እንዴት ነሽ ስባል ግን "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ከማለቴ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ማሰብ ለምጃለሁ። ባለቤቴ ልዩነቱን ያየው ከኔ ቀድሞ ነው። "አሁን ስትቆጪ ምክንያቱን ትናገሪያለሽ" አለኝ። ማመስገኑ ይሁን ማማረሩ እስካሁን አልገባኝም።

"እድርና ማኅበር ባለበት አገር ይሄ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው አለ። ልክ ነው፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። አጎቴ የሞተ ጊዜ መልሱን በዓይኔ አየሁት። ድንኳኑን የተከለው እድር ነው። ወንበሩን ያመጣው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ሌሊቱን ያደረው እድር ነው። የዮጋ ጓደኞቼ በሁለተኛው ቀን ስድስት ሆነው መጡና ተደርድረው ተቀመጡ። አክስቴ ጠጋ ብላ "እነዚህ በማን በኩል ናቸው?" አለችኝ። "የስፖርት ጓደኞቼ ናቸው" ብዬ አለፍኩት። እትዬን አየት አደረገችና "ምን ዓይነት ስፖርት?" አለች።

እድር ችግር ሲደርስ ይመጣል። ችግር ሳይደርስ ዝም ብሎ የሚከፋን ቀን ግን እድር የለውም። ጎረቤት አለ እንዳትሉኝ፣ ለጎረቤት የተነገረ ገመና ማታውኑ በሦስተኛው ግቢ ቡና ላይ ይፈላል። ቡድኑ የሚሞላው ያቺን ክፍተት ነው። የእድር ክፍያችሁን አቋርጣችሁ ወደ ዮጋ የምትመጡ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል።

መምህሩን ከምንጣፉ በፊት እዩት

አሁን ያስቀረሁትን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዮጊ ባጃን ጋር ለዓመታት በቅርብ የሠራች ሴት ትዝታዋን በመጽሐፍ አወጣች። ሌሎችም ተከትለው መናገር ጀመሩ። እሱን የተኩት ተቋማት ከውጭ ገለልተኛ መርማሪ ቀጠሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሪፖርት ሰውየው በተከታዮቹ ላይ ወሲባዊ ጥቃትና ሌላም በደል ፈጽሟል የሚለው ሚዛን ይደፋል ሲል ደመደመ። በብዙ አገር የነበሩ ማዕከሎች ተናወጡ። አንዳንድ መምህራን ጭራሽ ተዉት። አንዳንዶቹ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ልምምዱን ቀጠሉ።

እኛን የሚያስተምረን ሰው ይህን ታሪክ የነገረን በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ገና ምንጣፍ ሳንዘረጋ። "ከኔ ካልሰማችሁት ከጉግል ትሰሙታላችሁ" አለ። እኔ ቡድኑ ውስጥ የቀረሁት በዚያ ንግግር ይመስለኛል። አንድ ማዕከል ስለ ምንጩ ስትጠይቁት የሚቆጣ ወይም ወሬ የሚቀይር ከሆነ፣ ነገ ስለ ገንዘብ ስትጠይቁትም ያው ነው።

ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ አንድ ቡድን ለጥቂት ወራት ሞክሬ ነበር። ስሙ ይቅር። ልምምዱ ከአሁኑ የተሻለ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዲት ልጅ መምጣት አቆመች። ስጠይቅ "ኢነርጂዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ራቂያት" ተባልኩ። ልጅቷ ሥራ ቀይራ ሰዓቱ አልመቻት ብሎ ነው! ደውዬ ነው ያወቅኩት። ከኔ ሌላ የደወለላት አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት እኔም ቀረሁ። እኔም ዝቅ ብያለሁ መሰለኝ፣ የደወለልኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቡድን ሳይ ስለሚገባው ሰው አልጠይቅም። ስለወጣው ነው የምጠይቀው። "በፊት ይመጡ የነበሩ አሉ? አሁን የት ናቸው?" በሉ። ሲመልሱላችሁ ፊታቸውን እዩ። "እገሌ አገባች፣ ደህና ናት፣ ባለፈው ፒያሳ አገኘኋት" የሚል ቤት ጥሩ ቤት ነው። "ያላወቁበት ናቸው" የሚል ከሆነ ጫማችሁን አድርጉ።

ሌላም የምታዩት አለ። መምህሩ አቀማመጣችሁን ለማስተካከል ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል? አንዱን እንቅስቃሴ አልሠራም ብትሉ ዝም ብሎ ያልፋችኋል? የኪራዩን፣ የሻዩን፣ የእሱን ድርሻ ለይቶ ይነግራችኋል? "መድኃኒትሽን ተዪው" የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ሌላውን መጠየቅም አያስፈልግም። የምስክር ወረቀት ጉዳይ ብዙ አያስጨንቃችሁ። የዚህ ዘርፍ የመጀመሪያ ደረጃ የመምህርነት ሥልጠና 220 ሰዓት ነው፤ ያንን የጨረሰ ሰው አቀማመጥ ማስተካከል ይችላል ማለት ነው። ሕይወታችሁን ማስተካከል ሌላ ነገር ነው።

የእናቴ ጥያቄ

እናቴን ያሳሰባት ይህ ነገር ከእምነታችን ጋር ይጋጭ ይሆን የሚለው ነው። ማንትራውን፣ ያን በዜማ የሚባለውን ቃል፣ "ተራ ድምፅ ነው" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። "ናሞ" ማለት እሰግዳለሁ፣ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ ማለት ነው። "ሳት ናም" ደግሞ "እውነተኛው ስም" ማለት ሲሆን የሲክ እምነት ዋና ቃል ነው። ለአንዱ ይህ ባህል ብቻ ነው። ለሌላው የሌላ እምነት ጸሎት ነው። የትኛው እንደሆነ ለእናንተ እኔ ልወስንላችሁ አልችልም፤ መምህሩም አይችልም።

እኛ ቡድን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ለንስሐ አባቷ ነገረች፤ "ይቅርብሽ" አሏት፤ ቀረች። ዛሬም ስንገናኝ ተሳስመን ነው። ነርሷ ጴንጤ ናት፤ ማንትራው ሲጀመር ዓይኗን ጨፍና በልቧ የራሷን ትጸልያለች። አንደኛው ተማሪ ሙስሊም ነው። የምንጀምረው 12 ሰዓት ማታ ስለሆነ መግሪብ ሲደርስ ተነስቶ ጎን ያለው ክፍል ይሰግድና ይመለሳል። እትዬ ደግሞ ነጭ መልበስ ሲባል "ነጠላ ለብሼ ያደግኩት ሴትዮ አዲስ ነገር ልታስተምሩኝ ነው?" ብለው ሳቁ። በጠዋት ኪዳን አድርሰው ማታ እዚህ ይመጣሉ።

ምክሬ፣ የምትጠይቁት ካህን፣ ፓስተር ወይም ሸኽ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ከተጀመረ በኋላ ሲሆን ጸጸት ይገባበታል። ቅር እያላችሁ የምታሰሙት ዜማ ደግሞ ምን ሰላም ይሰጣችኋል? ዜማው ጨርሶ ግዴታ በሆነበት ቡድን ውስጥ ቅሬታ ያለው ሰው አይግባ። እንቅስቃሴና ትንፋሽ ብቻ የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ዮጋ፣ ለምሳሌ ተራው ሃታ ዮጋ፣ ይሻለዋል።

ስልኩ

ከቡድኑ በፊት የጀመርኩት በስልክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ነጻ ትምህርት ሞልቷል። ገመና የለ፣ ትራንስፖርት የለ፣ ልጅ ከተኛ በኋላ ይቻላል። ትንሽ ልጅ ላላት እናት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ሲያወራ ውሎ ዝምታ የሚፈልግ ሰውም አለ። ለእሱ ቡድን ጨርሶ ሌላ ሥራ ነው።

ችግሩ ስልኩ አያያችሁም። "የእሳት ትንፋሽ" የሚባል አለ። በአፍንጫ፣ በፍጥነት፣ ማስገባትና ማስወጣቱ እኩል። ሲወጣ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ ሆድ ይለቀቃል። እኔ አንድ ወር ሙሉ ገልብጬ ስሠራው ነበር። ራሴን ያዞረኛል፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል፤ እኔ ደግሞ ኃይሉ እየተነሳ መስሎኝ ደስ ይለኛል። በጣም በፍጥነት ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው የሚያዞረውና የሚነዝረው። መምህሩ እጄን ሆዴ ላይ አስደርጎ በአምስት ደቂቃ አስተካከለኝ። አንድ ወር ሙሉ መንፈሳዊ ነገር ነው ያልኩት አየር ነበር።

ሁለተኛው ችግር አርባ ቀኑ ነው። በኩንዳሊኒ አንድን ሜዲቴሽን ለ40 ቀን ሳያቋርጡ መሥራት ይወደዳል። አንድ ቀን ካመለጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። አርባ ለኛ ባዕድ ቁጥር አይደለም፤ ጾሙም፣ ተዝካሩም፣ የወንድ ልጅ ክርስትናውም በአርባ ነው። በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ከሁለት ሳምንት አላለፍኩም። አንዴ ጥቅሌ አልቆ፣ አንዴ መብራት ጠፍቶ፣ አንዴ ዝም ብዬ። ከቡድኑ ጋር 26ኛው ቀን ላይ የአጎቴ ሞት መጣ። ተመልሼ "ከአንድ ልጀምር" ስል እትዬ "27 በይ" አሉኝ። መምህሩ ደንቡን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። አዩት። አፉን ዘጋ።

ስለዚህ ስልክ የምትመርጡ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰው አጣምሩ። ቴሌግራም ላይ ማታ ማታ "ሠራሁ" የሚባባል አንድ ጓደኛ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የሚያይ መምህር ፊት ተቀምጣችሁ ትንፋሹን አስተካክሉ፣ ከዚያ ስልኩ ይቀጥልላችሁ።

ጤናን በተመለከተ ይህ ለሁሉም መንገድ ይሠራል። እርጉዝ ሴት የእሳት ትንፋሽ አትሥራ። ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሆድ ላይ የቅርብ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰውም ከሐኪሙ ሳይነጋገር አይሞክር። ከባድ የአእምሮ ሕመም የገጠመው ሰው ረጅም ሜዲቴሽን ሊያባብስበት ይችላልና ሐኪሙ ይወቅ። ድብርት የያዘውን ሰው "ዮጋ ይሻልሃል" ብሎ ከሕክምና ማስቀረት ትልቅ ጥፋት ነው። ከሕክምናው ጎን ለጎን ግን መምጣት ይችላል።

ህንድ

ሪሺኬሽ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለች የዮጋ ከተማ ናት። ወር ገደማ ቆይቶ፣ 200 ሰዓት ሠልጥኖ፣ ወረቀት ይዞ መመለስ ይቻላል። እዚያ "ኩንዳሊኒ" ተብሎ የሚሰጠው ሁሉ የዮጊ ባጃን ዓይነት እንዳልሆነ እወቁ፤ ስም አንድ ሆኖ ይዘቱ የተለየ ነው። ደርሶ የመጣ ወዳጄ ያለኝ አንድ ነገር ነው። "እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ቀላል ነበር። ቁርሴን የሚሠራው ሌላ ሰው ነበራ።" ከቪዛው፣ ከዶላሩና ከአውሮፕላኑ አንጻር ገና ያልጀመረ ሰው እዚያ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሠርቶ ማስተማር የሚፈልግ ይሂድ።

በነገራችን ላይ ከንጋት በፊት መነሳቱን እኛም ሞክረነዋል። በዚህ ትምህርት ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የሌሊት ልምምድ አለ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም፣ ውሻ ግን አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በስምምነት ተውነው።

ሐይቁ

በመጨረሻ ነጻው። ጥዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ውረዱ። የሚራመድ፣ የሚሮጥ፣ ወገቡን ይዞ የሚንጠራራ ሰው አይጠፋም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመው ያዩዋችኋል። ቅዳሜ ታቦር ተራራ የሚወጡም አሉ። ሲያልቅ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሾርባ ነው።

እዚህ ላይ ቡድኔ ቢከፋውም እናገራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የኛ ክፍል አብዛኛው ተቀምጦ ስለሆነ ያንን አይሞላም። ክብደት፣ ስኳር ወይም የልብ ጉዳይ ያስጨነቀው ሰው መራመዱን ያስቀድም። ሐይቁ ዳር ወዳጅነትም አለ። ለወራት በየጥዋቱ አንገት ብቻ ስንነቃነቅ የኖርን አንድ ጋሼ ነበሩ። ለሁለት ሳምንት ጠፍቼ ስመለስ "ምነው፣ ደህና አልነበርሽም?" አሉኝ። ስሜን አያውቁም። የምሄድበትን ሰዓት ግን ያውቃሉ።

የሐይቁ ጉድለቱ ወሬው ከኑሮ ውድነትና ከኳስ አያልፍም። እንደ እትዬ "ዛሬ ደህና አይደለሁም" የሚባልበት ቦታ አይደለም፤ እየተራመዱ ይከብዳል። ያንን የማይፈልግ ሰው ደግሞ አለ፤ እሱ የኛን ክብ ቢያየው በጓሮ በር ይወጣል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። የዓመት ወይም የስድስት ወር ክፍያ አስቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ቅናሽም ቢባል። በየወሩ ክፈሉ። መቅረት ስትፈልጉ የሚይዛችሁ ብር እንዳይኖር።

ባልደረባዬን በሚቀጥለው ቀን "ምን ፈልገሽ ነው?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። "ማታ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው" አለችኝ። በል እንግዲህ፣ ሐይቅ ብቻውን አይበቃትም አልኩ በሆዴ። ሁለት ማክሰኞ ሞክሪ፣ አትክፈይ፣ ማንትራውን ካልፈለግሽ ዝም በይ፣ ከመምጣትሽ ሁለት ሰዓት በፊት ከባድ ምግብ አትብዪ፣ ካልሲ ያዢ አልኳት። ወለሉ ይቀዘቅዛል።

መጣች። የመጀመሪያው ቀን እጅ ዘርግቶ መያዙ ላይ ግማሽ ላይ አውርዳ ሳቀች፤ ነርሷም ተከትላ ሳቀች፤ መምህሩ ዝም ብሎ ሰዓቱን አየ። ክቡ ላይ ተራዋ ሲደርስ "ዛሬ አላወራም" አለች። እትዬ ፔርሙዙን ከፍተው ሻይ ጨመሩላት።